የሰው ባሕል በቍጥር ይለካልን?

እህል በቍና ይሰፈራል፤ ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ ወርቅ በወቄት ይመዘናል፤ የበሽተኛም ትኩሳት ሐኪም በሚይዘው መለኪያ ይታወቃል። በእነዚህ ላይ ክርክር የሚነሣ ቢሆን እንኳ ክርክሩ መስፈሪያው ጐደለ ወይም ሞላ ለማለት ነው እንጂ፥ እህል ሊሰፈር አይገባውም ለማለት አይደለም። ነገር ግን ከአንድ ሕዝብ ተወልዶ በሌላ ሕዝብ መካከል የሚኖር ሰው፥ ቋንቋው፥ ምግቡ፥ ዘፈኑ፥ ወዳጁና ልቡ ከቀድሞው ወደ አዲሱ ምን ያህል እንደ ተዛወረ በቍጥር ሊነገር ይቻላልን? ቢቻልስ ይገባልን? ይህ ለጨዋታ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ፥ ሂስፓኒክ በሚባሉት ሕዝቦች ላይ፥ እንዲህ ያለ መለኪያ ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራበት ቈይቷል፤ ሐኪሙም፥ መምህሩም፥ የመንግሥት ጸሐፊውም ከቍጥሩ ተነሥተው ስለ ሰው የሚወስኑበት ጊዜ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የሚለካው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ ሂስፓኒክ ተብሎ የተቈጠረው ሰው 62.1 ሚሊዮን ነበረ፤ ይኸውም ከመላው ሕዝብ ከመቶ 18.7 እጅ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ግን ከአንድ አገር የመጣ፥ በአንድ ምክንያትም የተሰደደ አይደለም። የእስፓንያ ሰዎች በፍሎሪዳ የቅዱስ አውጉስጢኖስን ከተማ የቈረቈሩት በ1565፥ በኒው ሜክሲኮ ሳንታ ፌን የመሠረቱት በ1610 ነው። እንግሊዞች በሜይፍላወር መርከብ ተሳፍረው ፕሊመዝ የደረሱት በ1620 ነውና፥ ከሂስፓኒኮቹ ወገን አንዳንዱ ቤተ ሰብ «እንግዳ» ከሚለው ከጐረቤቱ አስቀድሞ በምድሩ ላይ ነበረ። በ1848 በጓዳሉፔ ሂዳልጎ ውል ሜክሲኮ የግዛቷን ግማሽ ያህል ለዩናይትድ ስቴትስ ለቀቀች፤ በዚያ ምድር ከቀሩት ሰዎች መካከል የሜክሲኮን ዜግነት እንይዛለን ብለው በአንድ ዓመት ውስጥ ያላስታወቁት፥ ከቤታቸው ደጃፍ ሳይነቃነቁ የሌላ መንግሥት ሰዎች ሆኑ። የልጅ ልጆቻቸው እንደሚሉት፥ ወሰኑ እነርሱን ተሻገረ እንጂ እነርሱ ወሰኑን አልተሻገሩም። የፖርቶ ሪኮ ደሴት በ1898 ከእስፓንያ እጅ ወጥታ በዩናይትድ ስቴትስ እጅ ገባች፤ ሰዎችዋም በ1917 በሕግ ዜጎች ተባሉ። ኩባውያን ደግሞ አብዛኞቹ ከ1959 አብዮት በኋላ የመጡ ስደተኞችና የእነርሱ ልጆች ናቸው።

የጋራ ስማቸውም የራሱ ታሪክ አለው። በ1930 ቈጠራ «ሜክሲካዊ» የሚለው ቃል እንደ አንድ ዘር ሆኖ በመዝገብ ተጽፎ ነበር፤ የሜክሲኮ መንግሥትና በአገሩ የሚኖሩት ሜክሲካውያን ስለ ተቃወሙት በ1940 ተሰረዘ። በ1976 የአገሩ ምክር ቤት ከእስፓንያና ከእስፓንኛ ተናጋሪ አገሮች የሚወለዱ ሰዎች ተለይተው ይቈጠሩ ዘንድ ሕግ አወጣ፤ በ1980 ቈጠራም ጥያቄው ለሰው ሁሉ ቀረበ። የቴክሳስ አራሽ፥ የማያሚ ነጋዴና የኒው ዮርክ የፋብሪካ ሠራተኛ፥ አንዱ ከሜክሲኮ፥ አንዱ ከኩባ፥ አንዱ ከፖርቶ ሪኮ ሲሆኑ፥ በመዝገብ ቤት አንድ ስም ለበሱ። መስፈሪያው ከመሠራቱ በፊት እህሉ ሁሉ በአንድ ጆንያ ተከቶ ነበር ማለት ነው።

በሊቃውንት ዘንድ «አካልቸሬሽን» የሚባለውን ነገር በአማርኛ ባሕልን መላመድ ማለት ይቻላል። ትርጓሜው የጸናው በ1936 ነው፤ በዚያ ዓመት ሬድፊልድ፥ ሊንተንና ሄርስኮቪትስ የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን የባሕል ተመራማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። አሳባቸው፥ ልዩ ልዩ ባሕል ያላቸው ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኝተው ሳያቋርጡ አብረው ሲኖሩ፥ በአንደኛው ወይም በሁለቱም ባሕል ላይ የሚደርሰው ለውጥ በዚህ ስም ይጠራ የሚል ነው። አንባቢ «በአንደኛው ወይም በሁለቱም» የሚለውን ያስተውል፤ ኋላ መለኪያ ሲሠራ የተረሳው እርሱ ነውና። በ1940 ደግሞ ፈርናንዶ ኦርቲዝ የተባለው የኩባ ሊቅ ስለ ትምባሆና ስለ ስኳር በጻፈው መጽሐፍ ይህን ቃል ሳይቀበለው ቀረ። ሰው በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ከባሕሉ ያጣል፤ ከሌላውም ይወስዳል፤ ከሁለቱም ፊት ያልነበረ አዲስ ነገር ይወልዳል፤ ይህን ሁሉ የሚያጠቃልል ሌላ ቃል ያስፈልጋል ብሎ «ትራንስኩልቱራሲዮን» የሚለውን ፈጠረ። አፍሪካዊው፥ እስፓንያዊውና ቻይናዊው በአንድ የሸንኮራ እርሻ ላይ በተደባለቁበት በኩባ ምድር፥ ማንኛው ማንን እንደ ለመደ ለይቶ መናገር በእውነት ከባድ ነበረ።

ቍጥር የገባው ከዚህ በኋላ ነው። በ1980 እስራኤል ኩዌያር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለሜክሲኮ አሜሪካውያን የሚሆን መለኪያ አሳተመ። ለጤነኛውም ለአእምሮ ሕመምተኛውም እንዲያገለግል የተሠራ ነበር፤ አሳቡም በጎ ነበረ፤ የበሽተኛውን ወግ የማያውቅ ሐኪም ልማድን እንደ እብደት፥ እብደትንም እንደ ልማድ ሊቈጥር ይችላልና። መለኪያው ሃያ ጥያቄዎች ነበሩት። በየትኛው ቋንቋ ትናገራለህ? የትኛውን ትመርጣለህ? ራስህን ምን ብለህ ትጠራለህ? አባትህና እናትህ ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ ነበር? የልጅነት ጓደኞችህ ከየትኛው ወገን ነበሩ? የምትሰማው ዘፈን በየትኛው ቋንቋ ነው? እንዲህ እየተባለ ይጠየቃል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ 1 ፍጹም ወደ ሜክሲኮ ያደላ፥ 5 ፍጹም ወደ «አንግሎ» ያደላ ማለት ነው። አንግሎ በዚያ አገር እንግሊዝኛ ተናጋሪው ነጭ አሜሪካዊ የሚጠራበት ስም ነው። ነጥቦቹ ተደምረው ለጥያቄዎቹ ቍጥር ሲካፈሉ የሰውየው ቦታ ይታወቃል።

ይህን የመሰለ ሚዛን ሁለት ባሕልን እንደ ሁለት እንስራ ያያቸዋል፤ ውሃውም አንድ ብቻ ነው፤ ወደ አንደኛው ካልተገለበጠ ሁለተኛው አይሞላም። የሰው ልብ ግን እንዲህ አይደለም። በሳን አንቶኒዮ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ሴቶች አሉ እንበል። አንደኛዋ እስፓንኛንም እንግሊዝኛንም አጥርታ የምታነብ፥ በሁለቱም የምትጽፍ፥ በሁለቱም ወገን ቤት እንደ ልጅ የምትገባ ናት። ሁለተኛዋ በልጅነትዋ በትምህርት ቤት እስፓንኛዋን በቅጣት የተወች፥ እንግሊዝኛዋም ያልተቃናላት፥ በአንዱ ወገን ዘንድ ባይተዋር፥ በሌላው ዘንድ ከሐዲ የምትባል ናት። በየትኛው ቋንቋ ትናገሪያለሽ ሲባሉ ሁለቱም «በሁለቱም እኩል» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ሚዛኑም ለሁለቱም 3 ይሰጣል። አንደኛዋ ሁለት ቤት አላት፤ ሁለተኛዋ አንድም የላትም፤ በወረቀቱ ላይ ግን እኅትማማች ናቸው። ቍጥሩ አልዋሸም፤ ነገር ግን ሊያውቀው የሚገባው ነገር ከእጁ አምልጦታል።

ይህን ጕድለት የመለኪያው አባቶች ራሳቸው አይተውታል፤ ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ጆን ቤሪ የተባለው የካናዳ ሊቅ ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን አስረድቶ ነበር፤ ይኸውም ሰውየው የቀድሞውን ባሕሉን ሊጠብቅ ይወዳልን? ከአዲሱስ ሕዝብ ጋር ሊቀላቀል ይወዳልን? የሚል ነው። ከሁለቱ መልስ አራት ዐይነት ሰው ይወጣል፤ ሁለቱንም የያዘ፥ የቀድሞውን ጥሎ አዲሱን የያዘ፥ አዲሱን ሸሽቶ የቀድሞውን የያዘ፥ ከሁለቱም የተለየ። ኩዌያርም በ1995 መለኪያውን አድሶ ለሁለት ከፈለው፤ 17 ጥያቄ ለሜክሲኮው ወገን፥ 13 ጥያቄ ለአንግሎው ወገን አደረገ። በማግሥቱ ዓመት በ1996 ጄራርዶ ማሪንና ጋምባ ለሂስፓኒኮች ሁሉ የሚሆን ባለ 24 ጥያቄ ሌላ መለኪያ አወጡ፤ እርሱም እንደዚሁ ሁለት ሚዛን አለው። በሁለቱም ሚዛን ከ2.5 በላይ ያገኘ ሰው ባለ ሁለት ባሕል ይባላል። ከእንስራው ምሳሌ መውጣት ትልቅ ነገር ነው። 2.4 ያገኘው ሰው ከ2.6 ባለቤቱ በምን እንደሚለይ ግን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አይገኝም።

ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እነዚህ መለኪያዎች በእውነት የሚለኩት ምንድር ነው? ማሪንና ባልደረቦቹ በ1987 ባወጡት ባለ 12 ጥያቄ መለኪያ፥ አምስቱ ጥያቄዎች ስለ ቋንቋ ናቸው፤ ሦስቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰማና እንደሚታይ ናቸው፤ የቀሩት አራቱ ስለ ወዳጅና ከሰው ጋር ስለ መገናኘት ናቸው። የ1996ቱ መለኪያ ደግሞ ከነሙሉ ክፍሎቹ ቋንቋን ይጠይቃል። ለዚህ ምክንያት አላቸው፤ ቋንቋ ለመጠየቅ የቀለለ፥ መልሱም የማይዋዥቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቋንቋን ለክቶ ባሕልን ለካሁ ማለት፥ ሰሙን አይቶ ወርቁን አገኘሁ እንደ ማለት ነው።

በዚያ ሕዝብ ዘንድ «ኮምፓድራስጎ» የሚባል ጥንታዊ ዝምድና አለ፤ ልጅን ክርስትና ያነሣ ሰው ለልጁ አባትና እናት እንደ ወንድም የሚሆንበት ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አይሻም፤ አበልጅ የሚለው ቃል አለለትና። አበልጅ በችግር ቀን ይጠራል፤ በሠርግ ቀን ይከብራል፤ በለቅሶ ቀን ከዘመድ ጋር ይቈማል። እስፓንኛ የጠፋበት የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ይህን ሥርዓት ሊጠብቅ ይችላል፤ እስፓንኛው ያልጠፋበትም አበልጁን ረስቶ ለብቻው ሊኖር ይችላል። በዐሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች ውስጥ አበልጅህ ማን ነው የሚል የለም። በዚያው በ1987፥ ከእነዚሁ ሊቃውንት ወገን ሳቦጋልና ባልደረቦቹ፥ ስለ ቤተ ሰብ ፍቅር ባደረጉት ምርመራ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። ሰዎቹ አዲሱን ባሕል እየለመዱ ሲሄዱ፥ ለዘመድ የመታዘዝ ግዴታና ዘመድን በነገር ሁሉ የመከተል ልማድ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በችግሬ ቀን ቤተ ሰቤ ይደግፈኛል የሚለው እምነት ግን አይቀንስም። እንግዲያስ ሰው ሁሉን ነገሩን በአንድ ፍጥነት አይለውጥም፤ አንዱ በቶሎ ይሄዳል፤ አንዱ ይዘገያል፤ አንዱም ከሥፍራው አይነቃነቅም። አማካይ ቍጥር ይህን ሦስቱን አንድ ላይ ፈጭቶ ዱቄት ያደርገዋል።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በመጽሐፍ ቤት ውስጥ መተው በተቻለ ነበር። ነገር ግን መለኪያ በባለሥልጣን እጅ ሲገባ ዕድል ይወስናል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ከባሕል መለኪያው በፊት የመጣው የአእምሮ መለኪያ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት እስፓንኛ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ እየተፈተኑ አእምሮአቸው ደካማ ነው ይባል ነበር። ጆርጅ ሳንቼዝ የተባለው የኒው ሜክሲኮ ተወላጅ መምህር በ1932 እና በ1934 ባወጣቸው ጽሑፎች ይህን ተቃወመ፤ ፈተናው የሚጠይቀውን ነገር አይቶና ሰምቶ ያላደገ ልጅ፥ ያን አይቶ ባደገው ልጅ ሚዛን ሊመዘን አይገባውም አለ። ቃሉ የተሰማው በዝግታ ነው። በ1970 በካሊፎርኒያ ዘጠኝ የሜክሲኮ አሜሪካውያን ልጆች፥ በእንግሊዝኛ ፈተና ምክንያት የአእምሮ ድኩማን በሚማሩበት ክፍል ተመድበው ስለ ተገኙ ጕዳያቸው ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። በቤታቸው ቋንቋ እንደ ገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ ለዚያ ክፍል የማይገቡ ሆነው ተገኙ፤ ግዛቲቱም ከዚያ ወዲያ ልጆች በቤታቸው ቋንቋ ጭምር ይፈተኑ ዘንድ ተስማማች። እነዚህን ልጆች የጐዳቸው የቍጥሩ ስሕተት ብቻ አልነበረም። ፈተናው የለካው የእንግሊዝኛ ዕውቀታቸውን ነበር፤ የተጻፈበት ስም ግን «አእምሮ» የሚል ነበር።

የባሕል መለኪያም በሕክምና በኩል ወደዚሁ ጕድጓድ ሲቀርብ ታይቷል። በ1986 ማርኪደስና ኮሪል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፥ በደቡብ ምዕራብ ዩናይትድ ስቴትስ የሚኖሩት ሂስፓኒኮች ድኾች ሲሆኑ፥ የሕፃናት ሞታቸውና የዕድሜአቸው ርዝመት ከባለጠጎቹ ነጮች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ መገኘቱን ገለጡ። ድኽነት ዕድሜን ያሳጥራል ብሎ ለሚያምን ይህ እንቈቅልሽ ነው፤ ኋላም «የሂስፓኒኮች እንቈቅልሽ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ወጣ። በአንዳንዱ፥ አዲሱን ባሕል የለመዱት አመጋገባቸው ተበላሸ፥ ሴቶቹም ሲጋራ ማጨስ አበዙ ተባለ፤ በሌላው ደግሞ የለመዱት ወደ ሐኪም ለመሄድ ቀለላቸው ተባለ። እንግዲህ መላመድ መድኀኒት ነው ወይስ መርዝ? ሊንዳ ሀንትና ሁለት ባልደረቦችዋ በ2004 እንዲህ ካሉት ጥናቶች 69ኙን መርምረው፥ አብዛኞቹ ባሕልን መላመድ ማለት ምን እንደ ሆነ ሳይተረጕሙ እንደ ለኩት አሳዩ።

ትርጓሜ የሌለው መለኪያ ደግሞ የፈለጉትን ሁሉ ይሸከማል። በእርሻ ላይ የሚውል፥ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው፥ የሕክምና ዋስትና ያልተገባለት ሠራተኛ ወደ ሐኪም ቤት ሳይሄድ ሲቀር፥ ጠያቂው መጥቶ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ሐኪም ቤት ያልሄደው ባሕሉን ስላልለመደ ነው ተብሎ ይጻፋል። የቀን ሙያው፥ የአሠሪው ክፋት፥ የፖሊስ ፍርሃት፥ የመንገዱ ርቀት፥ ይህ ሁሉ «ባሕል» በሚል አንድ ቃል ተከድኖ ይቀራል። ድኽነት ለመንግሥት ዕዳ ነው፤ ባሕል ግን የባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ በሽታው ከባሕል መጣ ሲባል ባለዕዳው ነጻ ይወጣል።

ደግሞ ሰው እንደ እህል ዝም የሚል ፍጥረት አይደለም፤ በሚዛን ላይ ሳለ ማን እንደሚመዝነው ያያል። ወረቀት የሌለው ሰው ጽሕፈት የያዘ ጠያቂ ከደጁ ሲቈም፥ የትኛውን ቋንቋ ትወዳለህ ሲባል፥ የሚያድነውን መልስ ቢፈልግ አያስነቅፈውም። በሊቃውንቱ ጽሑፍ ውስጥ የሚደጋገሙት «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚሉ ቃላት ራሳቸው ጠያቂውን ያስታውቃሉ፤ መለኪያው መሰላል ነው፤ ከእግሩ ሥር ሜክሲኮ፥ ከራሱ ላይ አንግሎ ይገኛል። ከላይ የደረሰው ምን እንዳተረፈ ይጠየቃል፤ ከሥር የቀረው ምን እንደ ጠበቀ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ይሰበር የሚል ሰው ቢነሣ ግን እርሱም ስቷል። በ1970ዎቹ ዓመታት ሆሴ ሳፖችኒክና ባልደረቦቹ በማያሚ የሚኖሩትን የኩባ ቤተ ሰቦች ለክተው ያገኙት ነገር ያለ ቍጥር በግልጥ ባልታየ ነበር። ልጆች ከወላጆቻቸው ይልቅ ፈጥነው ባሕሉን ይለምዳሉ፤ አባት በስደቱ በዐሥረኛው ዓመት ገና በሃቫና እንዳለ ሲያስብ፥ ልጁ ከሃቫና ምንም አያስታውስም። ከዚህም የተነሣ በቤት ውስጥ ያለው ጠብ፥ አባት ልጄ ባለጌ ሆነብኝ፥ ልጅ አባቴ ጨካኝ ሆነብኝ የሚሉት፥ ብዙ ጊዜ የጠባይ ክፋት ሳይሆን የሁለት ፍጥነት መለያየት ነበር። ስለዚህ ሐኪሞቹ ልጁን ብቻ ወይም አባቱን ብቻ ከመውቀስ ይልቅ፥ ለልጁ የአባቱን አገር፥ ለአባቱም የልጁን አገር ለማስተማር ሞከሩ። እዚህ ላይ መለኪያው በአባትና በልጅ መካከል ያለውን ርቀት ለካ፤ የለካውንም በስሙ ጠራው፤ የተለኩትንም ለማስታረቅ አገለገለ። የሐኪም ቤት አስተዳዳሪም ከበሽተኞቹ ስንቱ እስፓንኛ ብቻ እንደሚያውቁ ካልቈጠረ አስተርጓሚ ሊቀጥር አይችልም። ሚዛን ያለ ነውር የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ቋንቋን የለካ ቋንቋን ለካሁ ሲል፥ የአገር ቈይታን የለካም የአገር ቈይታን ለካሁ ሲል ነው። የሰውን ሁለንተና ግን በዐሥራ ሁለት ጥያቄ ጨረስሁ የሚል፥ የካሊፎርኒያን ልጆች ከዚያ ክፍል ካስገባው ሰው እምብዛም አይርቅም።

ከዚህም ሌላ ማንም ሚዛን ሊይዘው የማይችል ወገን አለ። ፒው የተባለው የምርምር ተቋም በ2017 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከሂስፓኒክ ዘር የተወለዱ ሰዎች ራሳቸውን በዚያ ስም ይጠሩ እንደ ሆነ ጠየቀ። ከስደተኞቹ ከመቶ 97፥ ከልጆቻቸው 92፥ ከልጅ ልጆቻቸው 77 አዎን አሉ፤ ከአራተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲያ ካሉት ግን አዎን ያለው ግማሹ ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ፥ ከሂስፓኒክ ዘር መወለዱን እያወቀ፥ ሂስፓኒክ አይደለሁም ይላል። መለኪያውን ይዞ ሂስፓኒኮችን የሚፈልግ ሰው ይህን ሰው ከቶ አያገኘውም። ዳንከንና ትሬሆ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እንዳሳዩት ደግሞ፥ ከስሙ የሚወጡት በብዙው ከሌላ ወገን ጋር በጋብቻ የተደባለቁት ናቸው፤ እነርሱም በትምህርት ከቀሩት ይልቅ የገፉ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ከቤት የቀሩትን ብቻ ቈጥሮ፥ ይህ ሕዝብ በሦስት ትውልድ እንኳ ወደ ፊት አልሄደም የሚል ጸሐፊ፥ በሩን ከፍተው የወጡትን ረስቷል። መንገዱን የጨረሰው ከወረቀቱ ይጠፋል፤ የጠፋውም መሄዱን አላየንለትም ተብሎ በቀሩት ወንድሞቹ ላይ ይቈጠራል። ስሙን የተወው ሰው ደስ ብሎት ይሁን ተገፍቶ፥ ወይም ደግሞ ጠያቂ አጥቶ ረስቶት ይሁን፥ በቍጥሩ ውስጥ አይገለጥም።

በ1936ቱ ጽሑፍ ውስጥ «በሁለቱም» የተባለው ቃል ግን እስከ መጨረሻው ሳይከፈል እንደ ቀረ ዕዳ ነው። ከላይ በተጠሩት መለኪያዎች ሁሉ አንግሎው መድረሻ ነው እንጂ መንገደኛ አይደለም። የቴክሳስ ከብት አርቢ ግን ይታይ። መሬቱን «ራንች»፥ ገመዱን «ላሶ»፥ የፈረስና የኮርማ ጨዋታውን «ሮዲዮ» ይለዋል፤ ሦስቱም የእስፓንኛ ቃላት ናቸው። በፈረስ ሆኖ ከብትን በገመድ የሚጠልፍበት ብልሃት፥ ከገመድ ማሰሪያው ኮርቻው ጋር፥ ቫኬሮ ከሚባሉት ከሜክሲኮ እረኞች የተማረው ነው። ቅድመ አያቱ እስከ 1857 ድረስ በእስፓንያ ብር ገበያ ይገበይ ነበር፤ በአገሩም ሕግ የታወቀ ገንዘብ ነበረ። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የበቈሎ ቂጣና በርበሬ ታቀርብለታለች፤ እርሱም የቴክሳስ ምግብ ነው ብሎ ይበላል። ምን ያህል ሜክሲካዊ ሆነሃል ብሎ ከ1 እስከ 5 የሚጠይቅ ወረቀት ይዞ ወደ እርሱ ደጅ የሄደ ጠያቂ ግን ከነዚህ ሊቃውንት መካከል አልታየም።